ዳንኤል ፕሬን፤ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የነበረ አይሁዳዊ የቴኒስ ሻምፒዮን

፩. መግቢያ

የታሪክ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በነገሥታት፣ በጦርነትና በውል ላይ ነው፤ የጨዋታ ሜዳ ነገር ለጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ የተተወ ይመስላል። እኛም ይህን አርእስት መርጠን ስንነሣ ከጓደኞቻችን የቀረበልን የመጀመሪያ ጥያቄ የማሻ ሰው ከበርሊን የቴኒስ ሜዳ ምን ጉዳይ አለው የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በጽሑፋችን መጨረሻ ለመስጠት እንሞክራለን። ለጊዜው ግን ይህን ያህል ማለት ይበቃል። አንድ መንግሥት ከገዛ ዜጎቹ መካከል አንዱን ወገን ለይቶ ለማስወጣት ሲያስብ፣ የሐሳቡ ምልክት ከእስር ቤቱ አስቀድሞ በትናንሽ ቦታዎች ይታያል፤ በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በማኅበር አባልነት፣ በስፖርት ቡድን የስም ዝርዝር። ከእነዚህ ትናንሽ ቦታዎች አንዱን በአንድ ሰው ሕይወት ለመመልከት ስንፈልግ ያገኘነው ዳንኤል ፕሬንን ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

፪. ልደቱና የመጀመሪያው ስደት

ዳንኤል ፕሬን በሴፕቴምበር ወር 1904 በቪልና ከተማ ከአይሁድ ቤተ ሰብ ተወለደ። ቪልና በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ ቪልኒየስ ተብላ የሊትዌንያ ዋና ከተማ ናት። የአይሁድ ሊቃውንትና ማተሚያ ቤቶች የበዙባት ስለ ነበረች የሊትዌንያ ኢየሩሳሌም ትባል ነበር። ይሁን እንጂ በሩሲያ ግዛት ውስጥ ለአይሁድ የመኖሪያ ወሰን በሕግ የተከለለ ሲሆን፣ በየጊዜውም ሕዝብ እየተነሣሣ ቤታቸውን ይዘርፍና ነፍሳቸውን ያጠፋ ነበር።

የ1917 አብዮትና ከእርሱ በኋላ የተከተለው የርስ በርስ ጦርነት ብዙ ቤተ ሰብ ሲበትን፣ የፕሬን ቤተ ሰብም አገሩን ለቆ በ1920 ገደማ በርሊን ገባ። ልጁ በዚያው በርሊን የምሕንድስና ትምህርቱን ተከታተለ፤ ቴኒስም ያጠናው በዚሁ ጊዜ ነው። እንግዲህ ፕሬን ጀርመናዊ የሆነው በልደት ሳይሆን በስደት፣ በትምህርትና በሥራ ነበር። ይህን ነገር በኋላ ስለምንመለስበት ልብ ማለት ያስፈልጋል።

፫. የዴቪስ ዋንጫና የጀርመን መመለስ

ለጨዋታው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት መግለጽ ይገባናል። የዴቪስ ዋንጫ በ1900 የተጀመረ፣ በአገሮች መካከል የሚደረግ የቴኒስ ውድድር ነው። በዚያ ዘመን ሁለት አገሮች ሲገናኙ በሦስት ቀን ውስጥ አምስት ግጥሚያ ይደረጋል፤ አራቱ አንድ ለአንድ፣ አንዱ ሁለት ለሁለት ነው። ከአምስቱ ሦስቱን ያሸነፈ ያልፋል። በእያንዳንዱ ግጥሚያ ደግሞ ከአምስት ዙር ሦስቱን የወሰደ ሰው ያሸንፋል። ዙሩ በጌም ይቆጠራል፤ አንድ ዙር ለመውሰድ ቢያንስ ስድስት ጌም፣ ከተቃራኒውም በሁለት መብለጥ ያስፈልጋል። የያዝነው ታሪክ በአንድ ጌም ላይ የተንጠለጠለበት ሰዓት ስላለ ይህን ማወቅ ይጠቅማል።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ድል የሆነችው ጀርመን ከዓለም አቀፉ የቴኒስ ማኅበር ተገልላ ቆየች። ወደ ዴቪስ ዋንጫ የተመለሰችው በ1927 ነው። ስለዚህ በፕሬን ዘመን የነበረው የጀርመን ቴኒስ ራሱ ከውድድር የመከልከልን ምሬት ቀምሶ የተመለሰ ነበር።

ፕሬን በበርሊን ሮት ቫይስ፣ ማለት ቀይና ነጭ፣ በሚባለው ታላቅ ክበብ ይጫወት ነበር። ከ1928 እስከ 1932 ባሉት ዓመታት ከጀርመን ተጫዋቾች በመጀመሪያው ደረጃ ይቆጠር ነበር። በ1929 ጀርመን በበርሊን ከእንግሊዝ ጋር ስትጋጠም ፕሬን ባኒ ኦስቲን የተባለውን ስመ ጥሩ እንግሊዛዊ ገጠመ። ጨዋታው እስከ አምስተኛው ዙር ደርሶ፣ ፕሬን 5 ለ1 ሲመራ ኦስቲን ጡንቻው ተሸማቆ አቋረጠ። ጀርመንም 3 ለ2 አሸንፋ የአውሮፓን ክፍል ድል ያዘች። ወደ ውድድሩ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ብቻ ለሆናት አገር ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

፬. የ1932 በጋ

የፕሬን ስም ከሁሉ በላይ የተነሣው በጁላይ 1932 ነው። አሁንም ጀርመንና እንግሊዝ በበርሊን ተገናኙ። ከጀርመን በኩል ፕሬንና ወጣቱ ባሮን ጎትፍሪድ ፎን ክራም፣ ከእንግሊዝ በኩል ኦስቲንና ፍሬድ ፔሪ ተሰለፉ። ኦስቲን በዚያው ዓመት የዊምብልደን የመጨረሻ ግጥሚያ የደረሰ ሰው ነበር። ፔሪ ደግሞ በኋላ በ1934፣ በ1935ና በ1936 ዊምብልደንን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈው ነው።

ፕሬን አስቀድሞ ኦስቲንን አሸነፈ። ግጥሚያው ሁለት ለሁለት ከሆነ በኋላ የሁለቱን አገሮች ዕድል የሚወስነው የፕሬንና የፔሪ ጨዋታ ሆነ። ፕሬን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች 6 ለ2 እና 6 ለ4 ወሰደ። ከዚያ ጉልበቱ የደከመ መሰለ፤ ፔሪ ሦስተኛውን 6 ለ3፣ አራተኛውንም 6 ለ0 ወሰደ። በአምስተኛው ዙር ፔሪ 5 ለ2 መራ፤ አንድ ጌም ብቻ ቀርቶት ነበር። ፕሬን ግን ከዚያ በኋላ አንድም ጌም ሳይሰጥ አምስቱን በተከታታይ አሸንፎ ጨዋታውን 7 ለ5 ዘጋው። ጀርመንም 3 ለ2 አለፈች።

ቡድኑ ከዚያ ኢጣልያን ድል አድርጎ የአውሮፓን ክፍል አሸነፈና በፓሪስ በአሜሪካ 3 ለ2 ተሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ የዓለምን ተጫዋቾች ደረጃ በየዓመቱ ያወጣ የነበረው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ዋሊስ ማየርስ ፕሬንን ስድስተኛ አድርጎ መደበው። የሃያ ስምንት ዓመቱ ስደተኛ የጀርመን ቡድን ምሰሶ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

፭. የ1933 ውሳኔ

በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 አዶልፍ ሂትለር የጀርመን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በጀርመን ይኖሩ የነበሩት አይሁድ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሲሆኑ ከጠቅላላው ሕዝብ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም ነበር። በኤፕሪል 1 ቀን በአይሁድ ሱቆች ላይ የአትግዙ ዘመቻ ተካሄደ፤ በኤፕሪል 7 ቀን አይሁድ ከመንግሥት ሥራ የሚወገዱበት ሕግ ወጣ። በዚያው ወር የጀርመን ቴኒስ ማኅበር አይሁዳዊ የሆነ ሰው ለብሔራዊ ቡድን እንዳይመረጥ ወሰነ። ውሳኔው በጥቅል ቃል ብቻ አልተወሰነም፤ ፕሬን ለ1933ቱ የዴቪስ ዋንጫ እንደማይሰለፍ በስሙ ጠቅሶ አስታወቀ።

እዚህ ላይ ቀኑን ማስተያየት ያስፈልጋል። ፔሪን ባሸነፈበት ቀንና ከቡድን በወጣበት ቀን መካከል ያለው ዘጠኝ ወር ብቻ ነው። በዚህ ዘጠኝ ወር ውስጥ ክንዱ አልደከመም፤ የተለወጠው የአገሩ ሕግ ነው። ቀድሞ በስደት መጥቶ፣ ተምሮ፣ ለአገሩ ድል አስገኝቶ ያገኘው ጀርመናዊነት በአንድ ስብሰባ ቃል ተነጠቀ።

የደረሰበትም እርሱ ብቻ አይደለም። በ1925 የጀርመን የሴቶች ሻምፒዮን የነበረችው አይሁዳዊት ኔሊ ኔፓክ ከዚሁ መገለል በኋላ በሜይ 1933 በገዛ እጇ ሕይወቷን አሳለፈች። በከፍታ ዝላይ ታላቅ ችሎታ የነበራት ግሬቴል ቤርግማንም በበርሊን ሊደረግ ከነበረው የ1936 ኦሎምፒክ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ከቡድኑ ተሰረዘች።

፮. የተናገሩና ዝም ያሉ

ውሳኔው እንደ ተሰማ፣ በ1932 በፕሬን የተሸነፉት ሁለቱ እንግሊዛውያን ፔሪና ኦስቲን ታይምስ ለተባለው የለንደን ጋዜጣ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። ሐሳቡ በአጭሩ ሲነገር፣ ተጫዋችን በዘሩ ምክንያት ማስወጣት የዓለም አቀፍ ውድድርን መሠረት ያፈርሳል የሚል ነው። የፕሬን መውጣት ለፔሪና ለኦስቲን ጥቅም ነበረ። አምና ያቃጠላቸው ተጋጣሚ ከመንገድ ሲነሣላቸው ዝም ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም ነበር፤ እነርሱ ግን ተናገሩ። የስዊድኑ ንጉሥ አምስተኛው ጉስታፍም፣ ራሳቸው ቴኒስ ወዳጅ ስለ ነበሩ፣ በ1933 በርሊን በመጡ ጊዜ ከፕሬን ጋር በአደባባይ ተጫወቱ።

ይህ ሁሉ ግን ውሳኔውን አላስለወጠም። የዴቪስ ዋንጫ ውድድር ከጀርመን ጋር እንደ ወትሮው ቀጠለ፤ የ1936 ኦሎምፒክም በበርሊን በታላቅ ሰልፍ ተከፈተ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ክርክር መመርመር አለብን። ብዙ ሰዎች አድልዎን ሲነቅፉ የሚያቀርቡት ምክንያት የጥቅም ምክንያት ነው፤ ጎበዙን ያስወጣ ቡድን ራሱ ይጎዳል ይላሉ። እኛም ይህን ጽሑፍ ስንጀምር የፕሬን ታሪክ ይህን ያስረዳልናል ብለን ነበር። መጀመሪያ ላይ እንዲያ ይመስላል፤ በ1933 ጀርመን የአውሮፓን ክፍል ሳታሸንፍ ቀረች፤ ዋንጫውን የወሰደችው እንግሊዝ ናት። ቀጥሎ ያለው ግን ያንን አያረጋግጥም። ጀርመን በፎን ክራም ብርታት ከ1935 እስከ 1937 በየዓመቱ የአውሮፓ ክፍል አሸናፊ ሆነች። አድልዎ ያደረገው ወገን በሜዳው ላይ ወዲያው አልተቀጣም።

ስለዚህ የጥቅም ክርክር ብቻውን ደካማ ነው ለማለት ተገደናል። የአንድ ሰው መብት በሚያስገኘው ዋንጫ ልክ የሚመዘን ከሆነ፣ ሌላ ዋንጫ አምጪ በተገኘ ጊዜ መብቱ ይወድቃል። ለራሱ ለፎን ክራም እንኳ ዋንጫው መከታ አልሆነውም። የናዚ ፓርቲ አባል ለመሆን እምቢ ያለው ይህ ባሮን በማርች 1938 ተይዞ ታሰረ።

፯. ሁለተኛው ስደት

ፕሬን ከባለቤቱ ጋር በ1933 ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደደ። በዊምብልደን መጫወቱን ቢቀጥልም ለአገር ተሰልፎ የነበረበት ከፍተኛ ዘመን አበቃ። ይሁን እንጂ የተማረው ምሕንድስና አልጠፋበትም። በለንደን ትሩቮክስ የተባለ የድምፅ ማጉያ መሣሪያ ፋብሪካ አቋቁሞ በንግድ ሥራ ተሳካለት። በሴፕቴምበር 1991 በ86 ዓመቱ በዚያው በእንግሊዝ አገር ሞተ።

የተወለደባት ቪልና ግን እንደ እርሱ አልተረፈችም። ከ1941 ጀምሮ የከተማይቱ አይሁድ አብዛኞቹ ፖናሪ በሚባለው ጫካ እየተወሰዱ ተገደሉ። የ1933ቱ የስም ዝርዝርና የፖናሪ ጉድጓድ አንድ ናቸው አንልም፤ ዳሩ ግን ሁለቱ በአንድ መንገድ ላይ ያሉ መሆናቸውን ታሪክ አሳይቷል።

፰. የኢጣልያ ምሳሌና ኢትዮጵያ

ከፕሬን ጋር በአንድ ዘመን በኢጣልያ ሌላ ታላቅ ተጫዋች ነበር። እርሱም በትሪየስቴ ከአይሁድ ወገን የተወለደው ባሮን ኡምቤርቶ ዴ ሞርፑርጎ ነው። በ1924 በፓሪስ ኦሎምፒክ ለኢጣልያ የነሐስ ሜዳልያ አገኘ፤ በ1928ና በ1930 ቡድኑን እስከ አውሮፓ ክፍል ድል አድርሶታል። የፋሺስቱ መንግሥት በእንዲህ ያለው ስም ሲመካ ቆይቶ፣ ሙሶሊኒ በሴፕቴምበር 1938 በአይሁድ ላይ ያሰበውን ሕግ በአደባባይ ያወጀው በዚያችው በትሪየስቴ ነው።

ለእኛ የሚከብደው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። የኢጣልያ የዘር ሕግ በአይሁድ ላይ ከመውጣቱ በፊት በእኛ ላይ ወጥቷል። በኤፕሪል 1937 የወጣው ድንጋጌ ከምሥራቅ አፍሪካ ተወላጅ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረውን ኢጣልያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እሥራት ይቀጣ ነበር። ለኢትዮጵያዊው የተለየው መንገድና ሰፈር፣ በኋላ ለኢጣልያዊው አይሁዳዊ የተዘጋው ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ከአንድ ሐሳብ የተቀዱ ናቸው።

የእኛም የደቡብ ምዕራብ አገር ከዚህ ሩቅ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በጁን 30 ቀን 1936 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ሲናገሩ፣ ከማሻ በስተሰሜን ያለችው ጎሬ ገና በጠላት አልተያዘችም ነበር። ልዑል ራስ ኢምሩ ከጥቁር አንበሶች ጋር ሲዋጉ ቆይተው በዲሴምበር 1936 በካፋ፣ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበው ተማረኩና ወደ ኢጣልያ ተወሰዱ። የቤተ እስራኤል ተወላጅ የሆኑት በአዲስ አበባ የትምህርት ቤት መሪ ታምራት አማኑኤልም በ1937 ከአገር ለመሰደድ ተገደዱ። በዚያ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በባዝ ከተማ፣ ፕሬን በለንደን፣ ሁለቱም በእንግሊዝ አገር ስደተኞች ነበሩ።

፱. መደምደሚያ፤ ማሻና በርሊን

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ቀረበልን ጥያቄ እንመለስ። የማሻ ሰው ከዚህ ነገር ምን ጉዳይ አለው?

የናዚንና የፋሺስትን በደል መንቀፍ ለእኛ ቀላል ነው፤ በዳዩ ሌላ፣ ተበዳዩም እኛው ነበርንና። የሚከብደው ወደ ገዛ ደጃችን መመልከት ነው። በሸካና በካፋ ማንጆ የሚባሉ ወገኖቻችን በአደን፣ በማርና በደን ሥራ የታወቁ ናቸው። በድሮው የካፋ መንግሥት ጊዜ የአገሩን በር ይጠብቁ ነበር። ነገር ግን የጎረቤታቸው ማዕድ ለእነርሱ ዝግ ሆኖ ኖሯል፤ በአንድ ቤት አብሮ መብላት፣ በጋብቻ መዛመድ፣ ተጠግቶ ሰላም መባባል እንኳ በልማድ ተከልክሎ ነበር። ምክንያቱም የሚበሉት ሥጋ ርኩስ ነው የሚል ነው። በሌላውም የአገራችን ክፍል ሸማኔው፣ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው፣ ከእነርሱም ጋር ቤተ እስራኤል፣ ቡዳ እየተባሉ ሲሸሹ ኖረዋል።

ሁለቱን ነገር አናደባልቅም። በበርሊን የነበረው የመንግሥት ሕግ ነው፤ ፍጻሜውም የሰው ዘር ማጥፋት ሆነ። በእኛ ዘንድ ያለው ከአባት የተወረሰ ልማድ ነው፤ ሕጋችንም አይደግፈውም። ይሁን እንጂ አንድ የጋራ ነገር አላቸው። የአገር በር ጠባቂ ለመሆን የታመነው ሰው ለማዕድ አልታመነም፤ የአገር ዋንጫ ጠባቂ ለመሆን የታመነውም ሰው ለዜግነት አልታመነም። ጥቅሙ ይታወቅ ነበር፤ ሰውነቱ ግን አልተቆጠረለትም። ስለዚህ ማንጆውም ይጠቅማል እያሉ መሟገት እንደማይበቃ ከፕሬን ታሪክ ተምረናል። መሟገት የሚገባን ሰው በመሆኑ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለሚናገረው ሰው ነው። በ1933 ከተናገሩት መካከል ሁለቱ ተሸናፊዎቹ፣ ማለት በፕሬን መውጣት የሚጠቀሙት ነበሩ። ደብዳቤያቸው ፕሬንን ወደ ቡድኑ አልመለሰውም፤ ነገር ግን ነገሩ ሲደረግ ማንም አላወቀም ነበር የሚለውን ማመካኛ ለዘለዓለም ዘግቶታል። በልማዱ የሚጠቀመው ወገን ራሱ ሲናገር ድምፁ ሌላ ክብደት አለው።

ይህ ለእኛ ለተማሪዎች ሩቅ ነገር አይደለም። በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የኳስ ቡድን ሲመረጥ ማን እንደሚጠራና ማን ከዳር ቆሞ እንደሚቀር እናያለን። ከጨዋታው በኋላ ማን ከማን ጋር በአንድ ገበታ እንደሚቀርብም እናያለን። ከሜዳው ጥሪ ይልቅ የገበታው ጥሪ ይከብዳል፤ መጀመር ያለበትም ከእኛ፣ በልማዱ ከተጠቀምነው ወገን ልጆች ነው። የሚቀጥለው ክረምት ወደየቤታችን ስንመለስ ይህን ለመፈጸም የሚያስፈልገን ቤታችንን ከፍተን ጎረቤታችንን ለቡና መጥራት ነው።